መቻል የት አደረ?

እኛ ቤት ጠዋት ቀድሞ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ሚጠየቀው ጥያቄ "መቻል የት አደረ?" ነው። እማዬ የንጋቱን ሰላት ሱብሂን ሰግዳ በሩን ስትከፍት ታየዋለች፣ ከዛ እኔ ስነሳ "ዛሬ ማድቤት ነው ያደረው፣ ውርጭ ነበር" ትለኛለች፣ ወይ ደሞ "ካቡ ላይ ነው ያደረው፣ ጅብ ሳይመጣ አልቀረም" ትላለች፣ ዝም ካለች እንደወትሮው ደፉ ላይ ነው ማለት ነው። 11 ዓመት ሙሉ እንዲ ስንባባል የውሻችን የመቻል አዳር የቤታችን ወሬ ሆኖ ቀረ፣ የሌሊቱን ብርድ ከሱ ነው ምንሰማው፣ ሌሊት ሰፈር ውስጥ ማን እንዳለፈም ከሱ ነው ምንሰማው።

ውሻ ሚያሳድግ ሰው ስለ ምግቡ ያስባል፣ ስለ ክትባቱ ያስባል፣ ሚተኛበትን ቦታ ግን አብዛኞቻችን ራሳችን ወስነን ነው ምንሰጠው። በር ጋ ይተኛ እንላለን፣ ሌባ እንዲጠብቅልን። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ውሻ ጎኑን ሚያሳርፍበት ቦታ ንግግሩ ነው ብዬ ነው ማምነው፣ ሌላ ምን አፍ አለው? በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ፈራሁ፣ አመመኝ፣ ናፈቃችሁኝ፣ ሁሉንም በተኛበት ነው ሚነግረን። ይሄን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ ምጽፈው።

መቻል የመጣው በ2006 ክረምት ሐምሌ ላይ ነው፣ ደሴን በሐምሌ ሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢ ውስጥ ይገባና ከቤት እስከ አጥር እንኳን አይታይም። የጓደኛዬ ውሻ 6 ወልዳ አንዱን በጃኬቴ ውስጥ ይዤው መጣሁ። እማዬ አየችውና "ኧረ በአላህ ልጄ፣ እኔ ምሰግድበት ቤት ውስጥ?" አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ግን አዘነች። ለሰላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ውሻ ከላሳት ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው፣ ሰባቴ ታጥቦ አንዱ በአፈር ነው ሚባለውን ከልጅነቷ ነው የተማረችው፣ ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ፣ መልአክ አይገባም ሚለውንም እንደዛው። ለጥበቃ ለከብትና ለአደን ውሻ ማሳደግ ግን እንደማይከለከል ታውቃለች፣ እና ያኔ ግቢያችን ሁለቴ ተሰርቆ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቃል አለችኝ፣ "ደፉን እንዳያልፍ"። በቃ። የቤታችን ሕግ ይቺ ሆነች፣ ከደፉ ወዲያ የሱ፣ ከደፉ ወዲህ የሷ።

የመጀመሪያውን ሌሊት አልረሳውም። ማድቤት ውስጥ በካርቶን አሮጌ ሹራብ አንጥፌ አስቀመጥኩትና በሩን ዘጋሁ፣ ከዛ ሲያለቅስ አደረ። ማልቀስ ነው ሌላ ስም የለውም። ቡችላ እኮ እስከዛ ቀን ድረስ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም፣ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነው ሚተኛው፣ ሆዱ በነሱ ሆድ ይሞቃል፣ ትንፋሻቸውን እየሰማ ነው እንቅልፍ ሚወስደው፣ ትንሽ ስለሆነ ደሞ የራሱን ሙቀት በደምብ መያዝ አይችልም። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፣ ይለምዳል ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ወደ 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ዝም ሲል የሞተ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ማድቤት ውስጥ ቁጢጥ ብላለች፣ ውሃ አሙቃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ ከትታለታለች፣ እሱ ጠርሙሱን አቅፎ ተኝቷል። እጇ ግን አልነካውም። በእንጨት ነው ወደሱ የገፋችለት። "አብሽር፣ አይሞትም" አለችኝና ውዱእ ልታደርግ ወጣች።

ከዛ በኋላ ነው እየተከተልኩ ማየት የጀመርኩት። ደሴ በሁለት ተራራ መሀል የተወሸቀች ከተማ ናት፣ በምዕራብ ጦሳ በምስራቅ አዝዋ ገደል፣ ስለዚ ፀሐይ እኛ ጋ እንደ ሜዳ አገር ወጥታ አትውልም፣ ጠዋት አዝዋን እስክትሻገር ትዘገያለች ማታ ደሞ ጦሳ ቶሎ ይጋርዳታል። መቻል ይሄን ከኛ በላይ ያውቀዋል። ጠዋት የመጀመሪያዋ ጨረር ምታርፈው እንጨት ክምሩ ላይ ነው፣ እሱም እዛ ነው። ወደ 4 ሰዓት በረንዳው ላይ ይመጣል፣ ሲሚንቶው ሞቆ ይጠብቀዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ደሞ ግድግዳው ጥግ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ከሰዓት ከጓሮ በኩል ያለችው ሚጢጢ ቁራጭ ፀሐይ እስክታልቅ እዛ ይቆያል። እማዬ የተሰጣ በርበሬ ስታዞር እሱም እኩል ይዞራል። አንዳንዴ ሰዓት ሳላይ መቻልን አይቼ ነው የቀትሩ ሰላት ዙሁር ደረሰ ምለው።

አተኛኘቱስ ብትሉ ሌላ ትምህርት ነው። በህዳርና በታህሳስ ውርጭ ክብ ሆኖ ይተኛል፣ ጅራቱን አምጥቶ አፍንጫው ላይ ያደርጋል እግሮቹን ከሆዱ ስር ይሰበስባል። ሙቀት ሚወጣበት ፀጉር የሌለው ቦታ እኮ እነሱ ናቸው፣ አፍንጫው ሆዱና መዳፉ፣ እሱ ደሞ ማንም ሳያስተምረው ሶስቱንም ይሸፍናቸዋል። የውሻ የሰውነት ሙቀት ከኛ ከፍ ይላል፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፣ ያለ ምንም ድካም ሰውነቱ ሚመቸው አየር ደሞ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው ይላሉ ሚያጠኑት ሰዎች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ በሌሊት 20 ዲግሪ መቼ አይተን እናውቃለን? ስለዚ "ፀጉር አለው ምን ይሆናል" ሚባለው ነገር ልክ አይደለም፣ በተለይ አጭር ፀጉር ላለው ላገራችን ውሻ። ይበርደዋል። ክብ ሆኖ ካያችሁት አብዛኛውን ጊዜ በርዶታል ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ቤት ስሄድ ደሞ ውሻ ሌላ ፍጡር ሚሆን ነው ሚመስለኝ። በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ መውረድ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግን ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ መሀል ላይ ጃኬት ታወልቃለህ ቦርከና ወንዝ ጋ ስትደርስ መስኮት ትከፍታለህ። የሷ ውሻ ቦቢ ይባላል፣ እኔ ቦቢ ክብ ሆኖ ተኝቶ ያየሁት አንድም ቀን የለም። በግንቦት ሙቀት ሆዱን ሴራሚኩ ላይ ለጥፎ የኋላ እግሮቹን ወደኋላ የፊቶቹን ወደፊት ዘርግቶ ነው ሚተኛው፣ ወይ በጀርባው ተንጋሎ አራቱንም እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ። ውሻ ላብ ሚያልበው በመዳፉ ብቻ ነው፣ ሌላውን ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው ሚያበርደው፣ ስለዚ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ሆዱን ይሰጠዋል። እህቴ ግቢዋ ውስጥ ያለው ሮቶ ስር ያለውን እርጥብ አፈር እየቆፈረ ሚገባበት ጊዜ "ግቢዬን አፈረሰው" እያለች ትማረር ነበር፣ እኔ ነኝ ተይው ያልኳት፣ ፍሪጁን እየሰራ ነው። ከላይ ያለው አፈር ሲግል ከስር ያለው ቀዝቃዛ ነው፣ እሱ እሱን ነው ሚፈልገው። አንድ ሜትር በማትሞላ ቦታ ላይ ሻሽ የመሰለ ኬሻ ጥላ ወጠረችለት፣ ከዛ በኋላ አንድም ሌላ ጉድጓድ አልቆፈረም።

እኔ ራሴ የሰራሁት ስህተት ደሞ አለ፣ ውሻ ቤቱ። በ2008 ደሞዝ አጠራቅሜ አናጢ ቀጥሬ ለመቻል ቤት አሰራሁለት፣ ትልቅ፣ ሰው ገብቶ ቁጭ ሚልበት፣ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ ግቢው በር የዞረ። ቀለም ሁሉ ቀባሁት። መቻል አንድ ቀን ገብቶ አሸተተ፣ ወጣ፣ ከዛ በቃ። ሁለት ወር ሙሉ በስጋ እያባበልኩ አስገባዋለሁ እሱ ስጋውን በልቶ ይወጣል። አዝኜበት ነበር እውነት ለመናገር፣ ያን ያህል ብር አውጥቼ። ስህተቱ የሱ እንዳልሆነ የገባኝ አንድ ሌሊት ራሴ እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ ነው፣ ውስጡ ከውጪው ይቀዘቅዛል። ትልቅ ስለሆነ የራሱ ትንፋሽና ገላ ሊያሞቀው አይችልም፣ ውሻ ቤት ገብቶ ዞሮ ሚተኛበትን ያህል ብቻ ነው መሆን ያለበት። ቆርቆሮው ሌሊት ጤዛ ያልበዋል ያ ይንጠባጠባል፣ ቀን ደሞ እንደ ምጣድ ይግላል። ወለሉ መሬት ላይ ነው ያረፈው፣ ብርዱና እርጥበቱ ከስር ይመጣል። በሩ ደሞ ቀጥታ ነፋሱ ሚመጣበት በኩል ነው፣ እኔ ለጥበቃ ብዬ እንጂ ለሱ አላሰብኩም።

አፍርሼ በግማሹ አሳነስኩት፣ ከመሬት በድንጋይ አንድ ስንዝር አነሳሁት፣ ቆርቆሮውን ከስሩ በጣውላ አለበስኩት፣ በሩን ወደ ቤታችን ግድግዳ አዞርኩት። ብርድ ልብስ አንጥፌ ነበር፣ በክረምት ረጥቦ ሸተተ፣ ከዛ አውጥቼ የጤፍ ጭድ ሞላሁበት፣ ጭድ ውሃ ቶሎ አይዝም እሱ ደሞ ውስጡ ገብቶ ጎድጓዳ ይሰራል። ሰጋቱራም ሞክሬያለሁ፣ አቧራው ያስነጥሰዋል። አሁን ዝናብ ሲኖር ይገባበታል። በየሁለት ሳምንቱ ጭዱን አውጥቼ አቃጥላለሁ፣ የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ገላ ረግፎ ሚያድገው ሚተኛበት ቦታ ላይ ነው፣ ውሻውን አጥቦ መኝታውን ያልቀየረ ሰው ምንም አልሰራም።

ጎረቤታችን ያሉ ሼህ፣ እድሜ ይስጣቸው፣ ለመቻል አዳር ያላቸው አስተያየት ከሁሉም ይለያል። አንድ ጁምዓ ከሰላት መልስ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ቶናው ላይ ነን፣ መቻል እንደ ልማዱ ደፉ ላይ የፊት እግሮቹን ወደ ውስጥ ዘርግቶ ገላው ግን ውጪ ሆኖ ተኝቷል። እማዬ ልታባርረው ተነሳች። "ተዪው" አሏት። "ዛሬ ከህፍን ቀርተሽ የለ? የዋሻዎቹ ሰዎች ውሻ እንዴት ነበር የተኛው?" ዝም አለች። የቁርአን ከህፍ ሱራ፣ የዋሻው ምዕራፍ፣ 18ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ ነው፣ እነዛ ለእምነታቸው የሸሹ ወጣቶች ዋሻ ውስጥ 300 ዓመትና ዘጠኝ ጨምረው ሲተኙ ውሻቸው ደጃፉ ላይ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ ነበር። ቁርአን ውስጥ ውሻ የተኛበት ቦታ ተነግሯል፣ እና እሱ ቦታ ደፍ ነው። እማዬ ይሄን ሱራ በየጁምዓው ስትቀራው ነው የኖረችው፣ ግን ያን ቀን አዲስ የሰማች ነው የመሰለችው። ቁጭ አለች፣ በረካውን ቀዳች፣ ከዛ ቀን ወዲህ ደፉ ላይ ተኝቶ አባርራው አታውቅም። እጇ እስከዛሬም አልነካውም፣ እሱም ውዱእ ካደረገች በኋላ አይጠጋትም፣ እንዴት እንደሚያውቅ አላህ ነው ሚያውቀው።

እና ደፍ ለውሻ ትልቅ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ያሉትን ያያል ይሰማል ያሸታል፣ ግቢውንም ያያል። ጀርባው ከግድግዳ ጋ ነው፣ ከኋላ ሚመጣበት የለም። እንቅልፉ ደሞ እንደኛ አንዴ ተኝቶ ሚነጋለት አይደለም፣ ውሾችን ሌሊት ሙሉ እየቀረጹ ያጠኑ ሰዎች አንድ ውሻ በአማካይ 16 ደቂቃ ተኝቶ 5 ደቂቃ እንደሚነቃ፣ ከዛ እንደገና እንደሚተኛ አግኝተዋል። አስቡት እንግዲ፣ ሌሊቱን በሙሉ ስንት ጊዜ ነው ቀና ብሎ ቤቱን ቃኝቶ መልሶ ሚጋደመው። አንድም ጊዜ እንኳን ቀና ሲል ሰው ካላየ፣ ወይ የሰው ሽታ ከሌለ፣ ያ እንቅልፍ እንቅልፍ አይሆንለትም። አጥር ጥግ ብቻውን የታሰረ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሚጮኸው ክፉ ስለሆነ አይደለም።

ካቡም ላይ ሚያድረው ለዛ ነው። ግቢያችን እንደ ብዙ የደሴ ግቢ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ አፈሩ እንዳይናድ በድንጋይ የተካበ ካብ አለን፣ የሰው ቁመት ያህል። ጅብ በመጣ ሌሊት መቻል ደፉን ትቶ እሱ ላይ ይወጣል። በክረምት ጅቦቹ እስከ ሰፈር ውስጥ ይገባሉ፣ ሁለት የጎረቤት ውሻ በልተዋል፣ ሁለቱም መሬት ላይ የታሰሩ ነበሩ። ከፍ ያለ ቦታ ከጠላት ያርቀዋል ሽታውንም ቀድሞ ያመጣለታል።

ቤት ውስጥ አስገብተው አልጋ ላይ ስለሚያስተኙትም ልበል። የእህቴ ትንሹ ልጅ ቦቢን በስውር ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲያስተኛ ተይዟል። እህቴ ደውላልኝ "ምን ላድርገው?" አለችኝ። እኔ አልጋ ላይ ሚያስተኙትን አልነቅፍም፣ ፍቅር ነው። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማዮ ክሊኒክ ሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች 40 ሰዎችን ከነውሾቻቸው 7 ሌሊት ተከታትለው ነበር፣ ውሻው መኝታ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሰዎቹ ደህና ነው የተኙት፣ አልጋው ላይ ሲወጣ ግን እንቅልፋቸው ቀነሰ። ስለዚ ለእህቴ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ምንጣፍ አድርጊለት አልኳት፣ ልጁ እጁን ዘርግቶ ሚነካበት ርቀት ላይ። ግን ከዛ በፊት የትል መድኃኒት። ይሄን አጥብቄ ነው የነገርኳት። እኛ አገር አረፋም ሆነ ፋሲካ ሲመጣ በግ ይታረድና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ሲገኝ ለውሻ ይወረወራል፣ ያ ከረጢት ትል ነው፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከአይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከፀጉሩ ልጁ እጅ ላይ፣ ከእጁ አፉ። ሰው ውስጥ ሲገባ ደሞ ያው ከረጢት ጉበቱ ላይ ይበቅላል። ስለዚ እንዲህ ያለው ጉበት ይቀበር ወይ ይቃጠል፣ ውሻው በየጊዜው መድኃኒት ይዋጥ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱም በየዓመቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከሆነ ልጁ አጠገብ ይተኛ፣ ደስ ይበላቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጥቅምት 2014።

ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እማዬን ይዤ ወጣሁ። መቻልን መጫን አልቻልኩም፣ መኪናው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው የተጫነው፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ ውሻ ልጫን ማለት አልችልም። የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት፣ ሼኹ "እኔ የትም አልሄድም፣ እኔ የበላሁትን ይበላል፣ ሂዱ" አሉኝ። ስንወጣ ደፉ ላይ ነበር። ዞሬ አየሁት። ከዛ ኔትወርክ ጠፋ፣ ምንም መስማት የለም፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆነን እማዬ ሌሊት ሌሊት ሳትተኛ ስታድር "ምን ሆንሽ?" ስላት "መቻል የት ያድር ይሆን" አለችኝ። ቤቷን አላለችም፣ እቃዋን አላለችም።

ህዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች፣ እኛ ታህሳስ ላይ ገባን። በሩ ተሰብሯል፣ ብዙ ነገር የለም፣ እሱን ትቼዋለሁ። ደፉ ላይ ግን ማንም የለም። ካቡም ላይ የለም። ጠራሁት፣ ዝም። ሼኹ መጥተው እጄን ይዘው ማድቤት አስገቡኝ። ምድጃው ጀርባ፣ ግድግዳውና ምድጃው መሀል ያለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ አመድ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። እሳቸው እንደነገሩኝ ከባድ መሳሪያ የተተኮሰ የመጀመሪያው ቀን ነው እዛ የገባው፣ ከዛ በኋላ ጨለማ ካልሆነ አልወጣም፣ የሰጡትን በልቶ ይመለሳል። ፊቱን ከበር ያዞረ ውሻ እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በርን አይቶ የተኛ ውሻ።

ከመጣን በኋላም እንቅልፍ ብቻ ሆነ፣ ቀን ቀን ይተኛል ሲጠሩት ጆሮው እንኳን አይነሳም። ታሟል ብዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት፣ ገላው ደህና ነው አለኝ። ኋላ ላይ ያነበብኩት ነገር ትንሽ አስረዳኝ፣ ሃንጋሪ ቡዳፔስት ያለው ኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ውሾች ራስ ላይ ምንም ሳያሳምማቸው ሽቦ ለጥፈው የእንቅልፋቸውን ሞገድ ያጠናሉ፣ አንዱ ጥናታቸው ላይ ጥሩ ነገር የተደረገላቸውን ውሾችና ሚያስጨንቅ ነገር የገጠማቸውን ሲያወዳድሩ የተጨነቁት ናቸው ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው፣ ግን የእንቅልፋቸው አይነት የተለየ ነበር። እንደ ገባኝ ያ እንቅልፍ መደበቂያ ነው። ይሄን ሳነብ እማዬም ትዝ አለችኝ፣ እሷም ከተመለስን በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ቀን ቀን ትተኛ ነበር።

አልጎተትኩትም። ሼኹ "ራሱ ይምጣ" ስላሉኝ ነው እንጂ መጎተት አስቤ ነበር። ምግቡን ብቻ በየቀኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ በሩ እያቀረብኩ አስቀምጥ ነበር። በጥር ምድጃው ፊት ለፊት ተኝቶ አገኘሁት። በየካቲት ማድቤቱ በር ላይ፣ ግን ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ። ከዛ እንጨት ክምሩ ጋ፣ ቀን ብቻ፣ ፀሐይ ሲወጣ። ከዛ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ስር። በየቀኑ እየለካሁት ነበር ማለት ይቻላል። በመጋቢት መጨረሻ ረመዳን ገባ፣ በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ቀን እማዬ ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ሚበላውን ልታዘጋጅ ተነስታ በሩን ከፈተች፣ ከዛ ድምጿን ሰማሁት፣ "ያ ራህማን" አለች። ተነስቼ ስሄድ ደፉ ላይ ነበር፣ የፊት እግሮቹን ወደ ውስጥ ዘርግቶ፣ ፊቱ ወደ ግቢው በር።

እስከዛሬም ርችት ሲተኮስ፣ ሰርግ ላይ ጥይት ሲጮህ፣ ምድጃው ጀርባ ይገባል። አንነካውም። እሱ ቦታ የሱ ነው፣ እማዬ ምድጃውን ስታስጠግን "እቺን ክፍተት እንዳትዘጋት" ብላ ሰሪውን አስጠነቀቀችው።

ሰፈራችን አንድ ቤት አለ፣ ስም አልጠራም፣ ውሻቸው ሌት ተቀን በአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት ታስሮ ነው ሚኖረው። በዝናብ ጭቃው ውስጥ ይተኛል በፀሐይ ደሞ እዛው ይጠበሳል፣ ጥላው በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው ግን አይደርስበትም። በሄድኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰዎቹ ይመግቡታል፣ ክፉም አይደሉም፣ ግን ያ ውሻ አንድ ቃል እንኳን መናገር አይችልም፣ ቢበርደው ወደ ፀሐይ ሄዶ አይነግራቸውም፣ ቢፈራ ምድጃ ጀርባ ገብቶ አይነግራቸውም። እባካችሁ እላለሁ፣ ሌላ ምንም ካልቻላችሁ ሰንሰለቱን ረዘም አድርጉት፣ ፀሐይም ጥላም ሚያገኝበት ያህል፣ ወይ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሽቦ ወጥራችሁ በሱ ላይ ይመላለስ። ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሽቦውንም ራሴ ልግዛ ብያለሁ። እያሰቡበት ነው።

መቻል አሁን አርጅቷል። አፉ ዙሪያ ነጭ ሆኗል፣ የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ ላይ ያመዋል፣ ካቡ ላይ መውጣት ትቷል፣ በዚህ ክረምት ጅብ የጮኸ ሌሊት ሊወጣ ሞክሮ ግማሹ ላይ ቀረ፣ እኔ ነኝ ያወረድኩት። ሲሚንቶውም አይስማማውም፣ ከተኛበት ሲነሳ ትንሽ ያነክሳል ከዛ እየሄደ ሲሞቅ ይስተካከላል። ስለዚ ደፉ ጋ ከውጪ በኩል ጣውላ አነጠፍኩለት፣ ላዩ ላይ ወፈር ያለ ስፖንጅ፣ ስፖንጁን በማዳበሪያ ከረጢት ለበድኩት እርጥበት እንዳይገባው። መጀመሪያ ቀን ሶስቴ ዞረበት፣ አራተኛ ዞረ፣ ከዛ ተቃንቶ ወደቀ።

ይሄን ስጽፍ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፣ ውጪ ይበርዳል። በሩ መዘጋት ነበረበት። እማዬ የማታውን ሰላት ኢሻን ሰግዳ መስገጃዋን አጥፋ ስትመጣ አየችው፣ አገጩን ደፉ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል፣ የፊት እግሩ አንዱ ወደ ውስጥ አልፏል፣ ጥፍሮቹ የሷ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ናቸው። ቆም ብላ አየችው። ከዛ ምንጣፏን አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ሳበችና፣ በሩን እግሩን እንዳይነካው አድርጋ ገርበብ አደረገችው፣ ጋቢዋን ይዛልኝ መጣች። "በሩ ክፍት ነው ሚያድረው ዛሬ፣ ደርብ" አለችኝ።